ስለ ትምህርት ቤት በጀት ልትናገሩ ስትሄዱ የአስተርጓሚውን ነገር አስቀድማችሁ ጨርሱ

ይህን የምጽፈው ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ለምትኖሩ፣ ልጆቻችሁን የመንግሥት ትምህርት ቤት ለምታስተምሩ ወላጆች ነው። በየጥሩ የሜሪላንድ ሕግ አውጪዎች በስቴቱ ዋና ከተማ አናፖሊስ ሲሰበሰቡ የትምህርት ቤት ገንዘብ ጉዳይ መነሳቱ አይቀርም። «ኑና ተናገሩ» ስትባሉ እኛ ላይ የደረሰው እንዳይደርስባችሁ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ ባጭሩ ልናገር፤ ዓመታቱና ወራቱ በፈረንጆቹ ናቸው። ሜሪላንድ «ብሉፕሪንት» የሚባል የትምህርት ሕግ አላት። በዊልያም ኪርዋን የሚመራ ኮሚሽን ከ2016 ጀምሮ ሲያጠናው ቆይቶ ምክር ቤቱ በ2020 አጸደቀው። የዚያን ጊዜው ገዥ ላሪ ሆገን በቪቶ ጣሉት፤ በየካቲት 2021 ምክር ቤቱ ቪቶውን ሽሮ ሕግ አደረገው። ገንዘቡ የሚከፋፈለው በተማሪ ቁጥር ሆኖ፣ ለድሃ ቤተሰብ ልጅና እንግሊዝኛ ገና ለሚማር ልጅ ተጨማሪ ይታሰባል። ድሃ ቤተሰብ የበዛበት ትምህርት ቤት ደግሞ «ኮሚዩኒቲ ስኩል» ይሆንና አስተባባሪና የጤና ባለሙያ ይቀጠርለታል። ለዚህ ሕጉ መነሻ ያደረገው በአንድ ትምህርት ቤት 248,833 ዶላር ነው። መጀመሪያ 80 ከመቶ ተማሪዎቻቸው ድሃ የሆኑ ትምህርት ቤቶች ገቡ፤ ከዚያ መስፈርቱ እየወረደ እስከ 55 ከመቶ እንዲደርስ ነው የታቀደው።

በ2025 መጀመሪያ ስቴቱ ሦስት ቢሊዮን ዶላር ገደማ የበጀት ጉድለት ገጠመው። ገዥው ዌስ ሙር ብሉፕሪንቱን የሚያዘገይ ቢል (የሕግ ረቂቅ) አቀረቡ፤ አዳዲስ ኮሚዩኒቲ ስኩሎች ለሁለት ዓመት እንዲቆሙ፣ መምህራን አብረው የሚዘጋጁበት ጊዜም እንዲገፋ የሚል። እኛ የተነሳነው የኮሚዩኒቲ ስኩሉን ሰምተን ነው።

መሰባሰቡ ቀላል ነበር። ከቤተክርስቲያን በኋላ ቡና ላይ ተነጋገርን፣ የቴሌግራም ግሩፕ ከፈትን፣ የሚናገር ሰው መረጥን። በምክር ቤቱ ለመናገር የሚደረገው የኢንተርኔት ምዝገባም ያን ያህል አያስቸግርም። አካውንት ትከፍታላችሁ፣ የቢሉን ቁጥር ታስገባላችሁ፣ ትደግፉ፣ ትቃወሙ ወይም ከማሻሻያ ጋር ትደግፉ እንደሆነ ትመርጣላችሁ። ምዝገባው የሚዘጋው ከሂሪንጉ፣ ማለት ምስክርነት ከሚሰማበት ስብሰባ፣ ቀን በፊት ስለሆነ በዕለቱ ደርሳችሁ ልናገር ብትሉ አይሆንም። ዜግነት የሚጠይቅ የለም።

የተበላሸው አስተርጓሚው ላይ ነው። በዚያ ሰሞን በካውንቲም በስቴትም መድረክ ቀርበናል። የትኛው ላይ እንደሆነ አልናገርም፤ ቢሮውን ለማሳጣት አይደለም የምጽፈው።

እንድትናገር የመረጥናት እናት ማታ ማታ የቢሮ ሕንፃ የምታጸዳ፣ የአራተኛ ክፍል ልጅ ያላት ሴት ናት። ልጇ ለሁለት ዓመት «ትምህርት አይገባውም» ሲባል ኖሯል። ትምህርት ቤቱ ኮሚዩኒቲ ስኩል ሲሆን የመጣችው የጤና ባለሙያ ዓይኑን መረመረችው። ልጁ ሰሌዳው ላይ ያለውን ፊደል መለየት አይችልም ነበር። አስተባባሪዋ መነጽር አፈላለገችለት፣ ገዝቶ የሚሰጥም አገኘች። እናትየው ይህን ስትነግረን «ልጄ ሰነፍ አልነበረም፣ አይታየውም ነበር እንጂ» አለች። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ከየት ይመጣል? ምስክርነቷን በዚህ ቃል እንድትጨርስ ተስማማን።

አስተርጓሚ እንደሚያስፈልጋት በስልክ ተናገርን፤ «ይዘጋጃል» ተባልን። ደግመን ስንደውል ሌላ ሰው አነሳና «ይዘጋጃል» አለን። እሷ ሥራዋን አስፈቅዳ፣ የማታውን ድካም ሳታስታግስ፣ ነጠላዋን ለብሳ፣ ልጇን ይዛ መጣች። ሰዓቱ ሲደርስ አስተርጓሚ የለም። ተቀባይዋ ሠራተኛ ኮምፒውተሯን አየችና ጥያቄው አልተመዘገበም አለችን። ከዚያ ወደ ልጁ ዞራ፣ እሱ እንግሊዝኛ ከቻለ ለእናቱ ይተርጉም አለች። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው! ሰው በሞላበት አዳራሽ ስለራሱ ዓይን፣ ሰነፍ ስለመባሉ፣ እናቱ ስላለቀሰችው ለቅሶ ራሱ ይተርጉም ማለት ነው። እናትየው የተባለው ገብቷት «አይሆንም፣ ልጄን አላዋርድም» አለች። እኔ ልተርጉም አልኩ፤ በእኔ ተራ የምናገረውንም ተውኩት።

ማይክራፎኑ ፊት ተቀመጥን። ፊት ለፊታችን አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ የሚያበራ ሰዓት አለ። ለአንድ ሰው የተፈቀደው ሁለት ደቂቃ ነው። እሷ እንደ አደገችበት ወግ ተሰብሳቢዎቹን አክብራ ሰላም አለች፣ እድሉን ስለሰጧት አመሰገነች፤ እኔ ተረጎምኩ። ሰዓቱ እኔ ስተረጉምም አልቆመም። ለሌላው ሁለት ደቂቃ የሆነው ለእሷ አንድ ደቂቃ ሆነ ማለት ነው። የዓይን ምርመራው ላይ ስትደርስ ቢጫው በራ። «መነጽሩን ሲያደርግ...» ብላ ስትጀምር ቀዩ በራና መድረኩን የሚመሩት ሰው አመስግነው ቀጣዩን ጠሩ። ማስተርጎሙ ግማሹን ጊዜ ወሰደው ብዬ ለመናገር ሞከርኩ፤ ደንቡ ለሁሉም እኩል ነው ተባልኩ። እሷ ገና ወደ ማይኩ እንደተጠጋች ናት፤ ያላለቀች መሆኗን ማንም አላየም። በመኪና ስንመለስ አንድም ቃል አልተናገረችም።

እስካሁን ያበሽቀኛል። በአማርኛ የተተረጎመ በራሪ ወረቀት በየትምህርት ቤቱ ይበተናል፣ ድረ ገጹ ላይ «ድምፃችሁ ያስፈልገናል» ይባላል፤ ሴትየዋ ድምጿን ይዛ ስትመጣ ግን የሚሰማበት መንገድ አልተዘጋጀም።

በኋላ አቤቱታ ጻፍኩ። የመጣው መልስ ጨዋ ነው፣ ምንም አይልም። ከዚያ በኋላ ግን በሌሎች መድረኮች ስንቀርብ በስልክ የሚባል ነገር ተውን። ጥያቄያችንን በኢሜይል እንልካለን፣ ሁለት ነገር በጽሑፍ እንዲመልሱልን እንጠይቃለን፦ አስተርጓሚውን የሚያመጣው ሠራተኛ ማን ነው? የማስተርጎሚያ ሰዓት ይታከላል ወይስ አይታከልም? መልሱን አትመን ይዘን እንሄዳለን። አይታከልም ካሉ ምስክርነቱ በሙሉ በእንግሊዝኛ ተጽፎ አስቀድሞ ይገባል፤ ተናጋሪዋ ቀርባ ዋናዋን አንድ ቃል ብቻ በአማርኛ ትናገራለች። ልጅ እንዲተረጉም ማንም ቢጠይቃችሁ እሺ እንዳትሉ።

አጭር መመሪያ ይሰጧችኋል፤ ስምህን ተናገር፣ ኮሚቴውን አመስግን፣ የቢሉን ቁጥር ጥቀስ ይላል። ምስጋናውን ተዉት እላለሁ። ከልጁ ጀምሩ፤ ምስጋና ጊዜ ከተረፈ ይደርሳል። ድርጅቶች የሚያድሉትን ተዘጋጅቶ የተጻፈ ደብዳቤም አትፈርሙ። አንድ ዓይነት ደብዳቤ መቶ ሲሆን የሚያነበው የለም፤ በራሳችሁ ቃል የተጻፈ አንድ ገጽ ግን ይነበባል።

ከሁሉም የሚበልጠው ሰዓቱን ማወቅ ነው። የአናፖሊሱ ጉባኤ ከጥር ሁለተኛው ረቡዕ ጀምሮ 90 ቀን ብቻ ነው የሚቆየው። ሂሪንግ ሲደርስ ብዙው ስሌት አልቋል። እያንዳንዱ ወረዳ አንድ ሴናተርና ሦስት ዴሊጌት (የታችኛው ምክር ቤት አባል) አለው፤ እነሱን በበጋና በመስከረም ሰሞን፣ ሥራ ሳይበዛባቸው አግኟቸው። ከእኛ መካከል አንድ ጋሼ «ገዥው ካልፈለገ እነዚህ ምን ያመጣሉ?» ይሉን ነበር። ድሮ ልክ ነበሩ፤ ምክር ቤቱ የገዥውን በጀት መቀነስ እንጂ መጨመር እምብዛም አይችልም ነበር። በ2020 ሕዝበ ውሳኔ ይህ ተቀየረና ከ2024 በጀት ዓመት ጀምሮ ጠቅላላውን ሳያሳልፉ ከአንዱ ቀንሰው ለሌላው መጨመር ይችላሉ። ስለዚህ እነሱን መወትወት ዋጋ አለው። የ2025ቱም ቢል እንደቀረበ አላለፈም፤ ብዙ ተለውጦ ነው የጸደቀው። የመምህራኑ የጋራ ዝግጅት ጊዜ ግን ተገፍቷል፤ አዝናለሁ።

አናፖሊስ መሄድ የማትችሉ ደግሞ ቤታችሁ ተቀምጣችሁ የምትሠሩት አለ፤ እኔ እንዲያውም ከንግግሩ አስበልጠዋለሁ። የነፃ ምሳ ፎርሙን ሙሉ። «ልጄ ምሳ አላጣም» እያለ ፎርሙን የሚጥል ወገን ብዙ ነው። ፎርሙ ግን የምሳ ብቻ አይደለም፤ ትምህርት ቤቱ ስንት ድሃ ተማሪ አለው የሚባለው በእሱም ጭምር ነው፣ አስተባባሪዋና ነርሷ የሚመጡትም በዚያ ቁጥር ነው። የኢሚግሬሽን ሁኔታ አይጠይቅም። ተማሪ የሚቆጠረው ሴፕቴምበር 30 ስለሆነ ትምህርት እንደተከፈተ መልሱት። የቤት ቋንቋ ሲጠየቅም አማርኛ ከሆነ አማርኛ በሉ። ያኔ ልጁ ይፈተናል፤ ከቻለ ኢሶል (እንግሊዝኛ ገና ለሚማሩ የሚሰጠው ትምህርት) አይገባም፣ ካልቻለ እርዳታውም ገንዘቡም ይመጣለታል። «እንግሊዝኛ» ብሎ መጻፍ የሚጎዳው ልጁን ነው።

የመጨረሻው፣ ማንም ያልነገረን፦ በጽሑፍ የምታስገቡት ምስክርነት በምክር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ከነስማችሁ ይወጣል፣ ማንም ፈልጎ ያገኘዋል። የጥገኝነት ጉዳያቸው ያላለቀላቸው ሰዎች ይህን አውቀው ይወስኑ፤ ከፈሩ ታሪኩን ሌላ ወላጅ ስም ሳይጠራ ይንገርላቸው። የሚጽፍም ሰው አድራሻውንና የወረቀቱን ጉዳይ አያስገባ።