የሜሪ ብራያንት ሰባት ዓመት

ሰሞኑን ማታ ማታ ስለ ሜሪ ብራያንት እያነበብኩ ነው። የእንግሊዟ ኮርንዎል ሰው ናት፣ የባሕርተኛ ልጅ። በ1786 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) ከሁለት ሴቶች ጋር ሆና መንገድ ላይ አንዲት ሴት ዘርፋለች ተብላ ኤክሰተር ላይ ሞት ተፈረደባት። ከወሰዱት አንዱ የሐር ኮፍያ ነው። ሞቱ ወደ ሰባት ዓመት ግዞት ተቀየረላት። ግዞቱ አውስትራሊያ!

ሰባት ዓመት ሲሉት ቀላል ይመስላል። ግን መንግሥት መውሰዱን እንጂ መመለሱን አያውቅም። ወንዱ ከቀናው መርከብ ላይ ተቀጥሮ አገሩ ይገባል። ሴቷስ በምን ትመለስ? ይባስ ብሎ እነ ሜሪን ጭነው በ1788 አውስትራሊያ የደረሱት መርከቦች የፍርደኞቹን መዝገብ በቅጡ አልያዙም። «ጊዜዬን ጨርሻለሁ» የሚል ሰው ማስረጃ ከየት ያምጣ?

ሜሪ፣ ሻርሎት የተባለች ልጇን የወለደችው እዚያው ጉዞ ላይ ነው፤ ስሟንም ያወጣችላት በመርከቡ ስም ነው። ሲድኒ ላይ ዊልያም የተባለ ዓሣ አጥማጅ ፍርደኛ አገባች። እሱም ዓሣ ደብቆ ሲሸጥ ተይዞ 100 ጅራፍ ተገረፈ። ሰፈሩ በሙሉ የሚበላ አጥቶ በነበረበት ጊዜ መሆኑን ልብ በሉ። ከዚያ ወንድ ልጃቸው አማኑኤል ተወለደ።

መጋቢት 1791፣ የዊልያም ሰባት ዓመት በሚያልቅበት ወር፣ የገዥውን ጀልባ ሰርቀው በሌሊት ወጡ። ሕፃናቱን ጨምሮ 11 ነበሩ። ከ69 ቀንና ከ5,000 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ ደቾች (ሆላንዶች) የያዙት የቲሞር ደሴት ገቡ። «መርከባችን ሰጥማብን ነው» አሉ። ደቾቹም አምነው ተቀበሏቸው፤ ኋላ ግን ተነቃባቸው።

ስለ ጀግንነታቸው የሚያወሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆማሉ። እኔ ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ታስረው በተወሰዱበት ባታቪያ (የዛሬዋ ጃካርታ) መጀመሪያ አማኑኤል፣ ከዚያ በዚያው ወር አባቱ ሞቱ። ሻርሎት ወደ እንግሊዝ ሲመለሱ መንገድ ላይ አረፈች፤ ገና አራት ዓመቷ ነበር። ባሕር ላይ ተወልዳ ባሕር ላይ ቀረች።

ሜሪ ለንደን ስትደርስ ኒውጌት እስር ቤት ገባች። ጀምስ ቦዝዌል የተባለ የሕግ ሰው ስለ እሷ ባለሥልጣናቱን ደጅ ጠና። በግንቦት 1793 ምሕረት ተደረገላት። እሱም በዓመት 10 ፓውንድ ሊሰጣት ቃል ገባ፤ ደግ ሰው ነው መቼም።

የተፈረደባት ግን በመጋቢት 1786 ነበር። ቁጥሩን ደጋግሜ አሰላሁት። ምሕረቱ ሲመጣ ሰባት ዓመቱ ካለቀ ከወር በላይ ሆኖታል። ታዲያ የማሯት ምኑን ነው?