የብረት አግዳሚ ስትገዙ መቆንጠጫውን ሳትይዙ ከግቢው እንዳትወጡ

ድሬዳዋ ላይ አሮጌ ሐዲድ መግዛት ብርቅ አይደለም። ለአጥር ቋሚ ያደረገው አለ፣ ለጣሪያ ተሸካሚ ያደረገው አለ። እኔ ግን ሐዲዱን መልሼ ሐዲድ አደረግኩት። ካፌዬ ጓሮ ውስጥ ከማንጎው ዛፍ እስከ ግንቡ አጥር ድረስ ልጆች ጋሪ የሚገፉበት መስመር ዘርግቻለሁ። የማስመሰያ አይደለም። በሁለቱ ሐዲዶች መሀል ያለው ስፋት ልክ እንደ ድሮው ምድር ባቡር አንድ ሜትር ነው። ሐዲዱ የሚያርፈው ከሥሩ በአግድም በሚነጠፍ የብረት አግዳሚ ላይ ነው። የሚይዘውም ቡሎንና መቆንጠጫ እንጂ ብየዳ አይደለም። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የሠራው በመስመር ጥገና ስለነበረ፣ ይህን ሥራ እንዲሁ ለይስሙላ ልሠራው አልፈለግኩም። እኮራበታለሁ።

ከዚያ ወዲህ "እኔም ላሠራ ነው፣ እንዴት አደረግከው?" የሚለኝ ሰው በዝቷል። ሎጅ ያለው ይመጣል፣ አሮጌ ፉርጎ ገዝቶ የት እንደሚያቆመው የጨነቀው ይመጣል። ለእያንዳንዱ ከምደጋግም አንዴ ልጻፈው። እኔን አስቀድሞ ያስጠነቀቀኝ ሰው አልነበረም።

መጀመሪያ አግዳሚውን እወቁት። መስመሩ ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902 ነው፤ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1917 (ሁለቱም በፈረንጅ አቆጣጠር)። በዚህ ቆላ እንጨት ብታነጥፉ ምስጥ ይጨርሰዋል፣ የቀረውን ፀሐይ ይሰነጥቀዋል። ብረት የተመረጠው ለዚህ ነው። አግዳሚው ከወፍራም ላሜራ ተጭኖ የወጣ የተገለበጠ ገንዳ ነው። ሁለቱ ጫፎቹ ወደ ታች ታጥፈዋል። እጥፋቱ ጠጠሩ ውስጥ ይቀበርና መስመሩ ወደ ጎን እንዳይሸሽ ይይዘዋል። ሐዲዱ የሚቀመጥበት ቦታ በትንሹ ወደ ውስጥ ያዘነብላል። በእያንዳንዱ ሐዲድ ግራና ቀኝ ደግሞ አንድ አንድ አራት ማዕዘን ቀዳዳ አለ። ነገሩ ሁሉ ያለው እነዚያ ቀዳዳዎች ላይ ነው።

የቀላሉን ሥራ ቶሎ ልለፈው። ቦታውን አስተካከልኩ፣ ውሃ እንዲወርድ ቁልቁለት ሰጠሁት፣ ገመድ ወጠርኩ። አግዳሚዎቹን በሽቦ ብሩሽ ከዝገት አጸዳሁ። እያንዳንዱን በመዶሻ መታ እያደረግኩ ድምፁን አዳመጥኩ። ጤነኛው ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው ይታፈናል። ስንጥቁ የሚጀምረው ከቀዳዳው ማዕዘን ነው፤ እዚያ ላይ ዓይናችሁን አሳርፉ። የተሰነጠቀ አግዳሚ ለአግዳሚ ወንበር እንጂ ለሐዲድ አይሆንም።

አሁን ወደ ቸገረኝ ነገር ልምጣ።

አንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙን አልጠራም፣ ድሮ ግቢው ድረስ የሚገባ ቅርንጫፍ ሐዲድ ነበረው። አስነቅሎ በጨረታ አወጣው። ሲፒኦ (በባንክ የተረጋገጠ የጨረታ ማስከበሪያ ቼክ) አስይዤ ገባሁ። ዕቃውን ለማየት በተፈቀደው ቀን ሐዲዱ ተደርድሯል፣ አግዳሚው ተከምሯል። አጠገቡ በርሜሎች ቆመዋል። በርሜሎቹ ውስጥ መቆንጠጫ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፤ ከአግዳሚው የተፈታው ሁሉ አለ። የንብረት ክፍሉን ሰው "ይሄስ?" ብዬ ጠየቅኩት። "አብሮ ነው፣ የዚያው አካል ነው" አለኝ። ምስክር ነበረኝ።

አሸነፍኩ። ከፈልኩ። መኪና ይዤ ስሄድ ሞዴል 22 (የንብረት ወጪ ቅጹ) ላይ የተጻፈው "ሐዲድና አግዳሚ" ብቻ ነው። በርሜሎቹስ? "እነሱ ሌላ ሎት፣ ሌላ የጨረታ ምድብ ናቸው። ልዩ ልዩ ቁርጥራጭ ብረት በሚል በኪሎ ተሽጠዋል።" ለማን? ለቁርጥራጭ ነጋዴ። ለምን? "ተነጥለው ስለተመዘገቡ።" 

እስቲ አስቡት። አንድን ነገር ከሚይዘው ነገር ለይቶ መሸጥ ምን ዓይነት አሠራር ነው? መቆንጠጫ የሌለው አግዳሚ የታጠፈ ላሜራ ነው። አግዳሚ የሌለው መቆንጠጫ ደግሞ ለማቅለጫ የሚሄድ ብረት ነው። አብረው ቢሸጡ መሥሪያ ቤቱም የተሻለ ገንዘብ ያገኝ ነበር። ይህን ለንብረት ክፍሉ ነገርኩ። ወደ ፋይናንስ ላከኝ። ፋይናንስ ወደ ኦዲት ላከኝ። ኦዲት "የጨረታ ኮሚቴው ይወስን" አለ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ስብሰባ ላይ ናቸው። ነገ ና። ከነገ ወዲያ ና። አቦ፣ ሰው እንዴት በር ለበር ሲንከራተት ይውላል!

በመጨረሻ ከኮሚቴው አንዱ መሐንዲስ ተቀብሎ አነጋገረኝ። ሰውየው ጨዋ ነው፣ በደንብ ሰማኝ። የሰጠኝ ምክር ግን እስካሁን ያናድደኛል። "ምን ያስጨንቅሃል? በይደው። ሐዲዱን አግዳሚው ላይ አስቀምጠህ ዙሪያውን በኤሌክትሮድ ብትይዘው ለዘላለም አይነቃነቅም።" ይህን ያለኝ የባለሙያ ማዕረግ የያዘ ሰው ነው። በርክክብ ወረቀቱም ላይ "ሲገጠም በብየዳ ይያዝ" የሚል መስመር አስገቡበት።

አትበይዱ። ማንም ይምከራችሁ፣ ምንም ማኅተም ይኑረው፣ ሐዲድን ከአግዳሚ ጋር አትበይዱ። ሐዲድ ተራ የግንባታ ብረት አይደለም። ካርቦኑ ብዙ ነው፤ ጥንካሬው ከዚያ የመጣ ነው። አስቀድሞ በደንብ ሳይሞቅ በተራ ብየዳ ቢነካ ከስፌቱ ዳር ያለው ክፍል ይደርቅና ይሰባበራል። ሌላው ደግሞ ሙቀት ነው። 12 ሜትር ሐዲድ ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሲጨምር ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ይረዝማል። የድሬዳዋ ፀሐይ ላይ የዋለ ብረት ነክታችሁ ታውቁ ይሆናል። ያ ርዝመት መሄጃ ካጣ ወይ ብየዳውን ይቀደዋል፣ ወይ አግዳሚውን ያጣምመዋል። መቆንጠጫ ግን የሐዲዱን ጫማ፣ ማለትም ከታች ያለውን ሰፊ እግሩን፣ ወደ ታች ይጫነዋል፣ ወደ ጎን ይከለክለዋል። ሐዲዱ በርዝመቱ ሲለጠጥ የሚቀደድ ነገር የለም። አንዱ ሲያረጅም ፈትታችሁ ትቀይሩታላችሁ።

ቁርጥራጭ ነጋዴው ዘንድ ሄድኩ። ግማሹን ለማቅለጫ ጭኖ ልኮታል። የቀረውን "ትፈልገዋለህ አይደል?" ብሎ ከገዛበት ብዙ እጥፍ ጠየቀኝ። እሱን አልወቅስም፤ ነጋዴ ነው። ከፈልኩት። የምወቅሰው እኔን እሱ ደጃፍ ላይ የጣለኝን መዝገብ ነው።

ዕቃውን ግቢዬ አፍስሼ ስለየው ሌላ ጉድ ወጣ። ሁለት ዓይነት መቆንጠጫ ነው። ለማሳየት ያህል፦ መቆንጠጫው መዳፍ ላይ የሚገባ ወፍራም ብረት ነው። አፍንጫው የሐዲዱን ጫማ ይረግጣል። ከሥሩ ጥርስ አለው። ጥርሱ አግዳሚው ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ በቀዳዳው ጠርዝና በሐዲዱ ጫማ መሀል ይቆማል። እንግዲህ የጥርሱ ውፍረት ነው ሐዲዱ የት እንደሚቆም የሚወስነው። ቀጭን ጥርስ ከሆነ ሐዲዱ ይንሸራተታል፣ ስፋቱ ይበላሻል። በድሮው መስመር ላይ በሜትር 20 ኪሎ የሚመዝን ቀላል ሐዲድ ነበረ፣ በኋላ 25 እና 30 ኪሎ የሚመዝኑ መጡ። የጫማቸው ስፋትም ውፍረትም ይለያያል። እኔ የገዛሁት ሐዲድ ቀላሉ ነው። አግዳሚዎቹ የተበሱት ደግሞ ለከባዱ ነው። ይሄ ቅርንጫፍ መስመር ሲጠገን ሲለዋወጥ የኖረ ነው። አብረው እያሉ ማን ከማን ጋር እንደሚገጥም ይታወቅ ነበር፤ በርሜል ውስጥ ሲደባለቁ ግን ያ ዕውቀት ጠፋ።

ያዳኑኝ አንድ ጡረታ የወጡ የመስመር አለቃ ናቸው። ገንደ ቆሬ ድረስ ሄጄ ለመንኳቸው። መጡ፣ ክምሩ ላይ ቁጭ አሉ፣ አንድ መቆንጠጫ አንስተው በአውራ ጣታቸው ጥርሱን ዳሰሱ።

"ይሄ ለወፍራሙ ነው። ይሄ ለቀጭኑ። አንተ ልጅ፣ በዓይን አትለየው፤ በእጅህ ለየው።"

"ጋሼ፣ የሚጎድለውንስ?"

"ይሠራል። ድሮም ጎድሎ ያውቃል።"

እውነትም ተሠራ። የቀላሉ ሐዲድ ጫማ ጠባብ ስለሆነ፣ ክፍተቱን እንዲሞሉ ወፍራም ጥርስ ያላቸውን ለእሱ አዋልናቸው። የጎደለውን ከወፍራም ላሜራ አስቆርጬ፣ ጥርሱን በግራይንደር እያስተካከልኩ ሞላሁ። አድካሚው ቡሎኑ ነበር። "ቡሎን የትም ይገኛል" ያሉኝ ሰዎች ይህን ቡሎን አይተውት አያውቁም። የገበያው ቡሎን ራሱ (አናቱ) ባለ ስድስት ማዕዘን ነው። አግዳሚው ቀዳዳ ውስጥ ከላይ አይገባም። ከታች ላስገባ ብትሉ ደግሞ ገንዳው በጠጠር ከተሞላ በኋላ እጅ አይደርስበትም። የሐዲዱ ቡሎን ራሱ የመዶሻ ቅርጽ ነው፤ በቁመቱ ከላይ ይገባል፣ ሩብ ዙር ይዞራል፣ ቀዳዳው ሥር ተጋድሞ ይቆለፋል። ከዚያ ዳዶው ይጠብቃል። የጎደለውን ቡሎን በዚህ ቅርጽ ቀጥቃጭ ዘንድ አሠራነው።

የቡሎኑን ሌላኛውን ጫፍ፣ ጥርስ የወጣለትን፣ ብትመለከቱ አንድ ቀጭን ጭረት ታያላችሁ። እኔ የዝገት መቦርቦር መስሎኝ ላልፈው ነበር። ጋሼ አስቆሙኝ። ጭረቱ ከሥር ያለው ራስ ወደየት እንደተጋደመ የሚያሳይ ምልክት ነው። ጭረቱ በተሳሳተ አቅጣጫ ከቆመ ዳዶው የጠበቀ ቢመስልም ራሱ አልተቆለፈም፤ ክብደት ሲያርፍበት ይወጣል። ባዲስ የቀጠቀጥናቸው ቡሎኖች ላይ ሁሉ ይህን ጭረት በመጋዝ አወጣሁ። እናንተም ስታሠሩ ቀጥቃጩ እንዳይረሳው አጠገቡ ቁሙ።

አገጣጠሙ ላይ ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ። መጀመሪያ አንዱን ሐዲድ ብቻ በገመድ አቅኑና ሙሉ በሙሉ አጥብቁት። ሁለተኛውን ከዚያ በኋላ በመለኪያ ዘንግ ታስጠጋላችሁ። ሁለቱን አብሮ ለማቅናት መሞከር ጊዜ ማባከን ነው። ስፋቱ የሚለካው በሐዲዶቹ ራስ በውስጥ ጎናቸው መሀል ነው፤ ከመሀል እስከ መሀል አይደለም። እኔ ከቱቦላሬ የማይጣመም ዘንግ አሠራሁ፣ በየአግዳሚው ላይ አሳረፍኩት። ሐዲድ ከሐዲድ በሚገናኝበት ቦታ ክፍተት ይተዉ። በጠዋት ብርድ ከሠራችሁ ሰፋ ያለ፣ በቀትር ከሠራችሁ ጠበብ ያለ። የማያያዣ ላሜራው ቀዳዳ ሞላላ የሆነው ሐዲዱ እንዲለጠጥ ነው፤ እዚያ ያሉትን ቡሎኖች ነፍሳቸው እስኪወጣ አታጥብቁ።

ስለ ጠጠር ሁሉም ሰው "የደቻቱን አምጣ፣ ርካሽ ነው" ይላል። አይሆንም። የወንዝ ጠጠር ድቡልቡል ነው፣ እርስ በርሱ አይያያዝም። የተፈጨ ጥቁር ድንጋይ ግዙ። የብረት አግዳሚ ሆዱ ባዶ ስለሆነ ጠጠሩ ከሥር ካልሞላው ጋሪው በሄደ ቁጥር ሐዲዱ ይዘላል፣ ይጮኻል፣ ቡሎን ያላላል። በዲጂኖ ከሁለቱም ጎን ወደ ሐዲዱ ሥር ጠቅጥቁ። የአግዳሚውን መሀል ግን በኃይል አትጠቅጥቁ፤ መሀሉ ላይ ከቆመ ጫፍና ጫፉ ይወዛወዛል።

አንዳንዱ "አሁን እኮ ኮንክሪት ነው፣ አዲሱን መስመር አታይም?" ይለኛል። አይቻለሁ። አዲሱ መስመር ሰፊ ነው፣ ባቡሩም ከባድ ነው፣ ለእሱ ኮንክሪቱ ተገቢ ነው። ያንን አግዳሚ ግን ያለ ማሽን ማን ያነሳዋል? የብረቱን ሁለት ሰው ተሸክሞ ያስቀምጠዋል። ለግቢ ሥራ ከብረት አግዳሚ የሚበልጥ የለም፤ በዚህ አልደራደርም።

ወረቀት። የሐዲድ ብረት ስለሚሰረቅ መኪናችሁ ኬላ ላይ መቆሙ አይቀርም፣ ቢያቆሙም አልፈርድባቸውም። ሞዴል 22ቱን፣ የክፍያ ደረሰኙንና መሸኛ ደብዳቤውን ዋናውን ያዙ፤ ኮፒ አይቀበሉም። መሸኛው ላይ የዕቃው ዓይነት በዝርዝር ይጻፍ፦ ሐዲድ፣ አግዳሚ፣ መቆንጠጫ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ማያያዣ ላሜራ። ይህ ዝርዝር ጨረታው ሰነድ ላይ በአንድ ሎት ካልተጻፈ ሲፒኦ ከማስያዛችሁ በፊት በጽሑፍ ጠይቁ። በቃል "አብሮ ነው" የሚላችሁን ሰው አመስግናችሁ ደብዳቤ አጽፉት። እምቢ ካለ ለቁርጥራጩም ሎት ተወዳደሩ።

ለዚያ መሥሪያ ቤት ቀጣዩን ክምር ሳይነጣጥሉ እንዲሸጡ ደብዳቤ አስገብቻለሁ። የመዝገብ ቁጥር ሰጡኝ እንጂ መልስ አልሰጡኝም። ገና ያልተሸጠ አግዳሚ ግቢያቸው ውስጥ እንደተከመረ ነው፤ ቡሎኑና መቆንጠጫውም አሁንም በሌላ መጋዘን፣ በሌላ መዝገብ ላይ ነው። ከዚያ ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ሁለቱንም መጋዘን አስከፍታችሁ እዩ፣ የሐዲዱን ጫማ ስፋት ለኩ፣ አንድ መቆንጠጫ አንስታችሁ እዚያው ላይ ግጠሙት።