ኃይሉ መርጊያ የጠበቀበት ወረፋ

ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ሊቀበለኝ የተዘጋጀ ዘመድ ነበረኝ፤ አትምጣ ብዬ የከለከልኩት እኔው ነኝ። ዋሽንግተን በታክሲ ልገባ ፈልጌ ነበር። ኦርጋን ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ ታክሲ እየነዳ ለብዙ ዓመታት ተሳፋሪ ሲጠብቅ የኖረው እዚሁ ወረፋ ላይ ነዋ! ሻንጣዬን ይዤ ከመስመሩ ዳር ቆምኩና መኪኖቹ አንድ በአንድ ወደ ፊት ጠጋ ጠጋ ሲሉ ተመለከትኩ።

የደረሱኝ ሹፌር ፀጉራቸው የሸበተ የአገሬ ሰው ሆኑ።

“ከየት ነው ልጄ?”

“ከአዲስ አበባ፣ ጋሼ።”

ሻንጣዬን ሊያስገቡ የኋላውን ዕቃ መጫኛ ሲከፍቱ ዓይኔን መከልከል አልቻልኩም። የጎማ መፍቻና የተጣጠፈ የክረምት ካፖርት ነበረበት። ኃይሉ ኪቦርዱን ይዞ ይዞር የነበረው እንዲህ ያለ ቦታ ውስጥ ነው። ተሳፋሪ አድርሶ ሲመለስና ወረፋው ሲረዝም፣ በባትሪ የሚሠራውን ኪቦርድ አውጥቶ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ ይለማመድ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ከፊትና ከኋላው የተሰለፉት ሹፌሮች ምን ይሰሙ ነበር እያልኩ ገባሁ።

ከደለስ ዋሽንግተን ጥግ እስካለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ ለወሬ የሚበቃ መንገድ አለ። ስሙን ሳነሳ ሹፌሩ በመስታወቱ አዩኝ። “ጋሽ ኃይሉን? የዋልያሱን?” አሉና ድምፃቸው ተለወጠ። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ስለነበር ጭፈራ ቤት የገባ ሰው እስኪነጋ እዚያው ያድር እንደነበር አወሩልኝ። ሙዚቀኛውም አብሮ ያድራል። ሌሊቱን ሙሉ ሰው ሳይሰለቸው መጫወት የሚችል እጅ የተገራው በዚያ ዓይነት ሌሊት ይመስለኛል።

ኃይሉ አኮርዲዮን የጀመረው ገና በ14 ዓመቱ ነው፤ ያውም ራሱን በራሱ አስተምሮ። ኋላ ኦርጋን ላይ ሲቀመጥ የአሜሪካዊውን የጂሚ ስሚዝን አጨዋወት ይወድ ነበር፤ ጣቶቹ ግን ከአምባሰልና ከትዝታ አልወጡም። ዋልያስ ባንድ በአዲስ አበባ ሂልተን ለዓመታት ሲጫወት ኦርጋኑ የእሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣውንና ሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎን የመታበትን “ቸ በለው” የተባለውን አልበም ያዳመጠ ሰው ያንን ኦርጋን አይረሳውም። ድምፃዊ የለበትም። ዘፋኙ ሊለው የሚገባውን ኦርጋኑ ይለዋል፣ የነሐስ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ይቀበሉታል።

እ.ኤ.አ. በ1981 ባንዱ ለጉብኝት አሜሪካ ሲመጣ ኃይሉና ሌሎች አባላት እዚሁ ቀሩ። ከአራት ዓመት በኋላ ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ የልጅነት አኮርዲዮኑን ሙግ፣ ሮድስና ያማሃ ዲኤክስ 7 ከሚባሉ የኤሌክትሪክ ኪቦርዶች ጋር አዋሐደ፤ ካሴቱም አገር ቤት ደረሰ። ከዚያ መድረኩን ተወና ታክሲ ያዘ። ኋላ ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ አሳታሚ ያንን ካሴት ባሕር ዳር ውስጥ አግኝቶት ኖሮ ኃይሉን አፈላልጎ ደወለለት። አልበሙ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ሲታተም ዓለም ሰማው።

የውጭ ጸሐፊዎች ይህን ታሪክ ጠፍቶ እንደተገኘ ሰው ታሪክ አድርገው ነው የሚተርኩት። እኔ አይዋጥልኝም። ልጅ ሆኜ ሬዲዮ ሲከፈት ከአንባቢው ድምፅ ሥር የሚፈሰው ሙዚቃ የእነዚህ ሰዎች ነበር። በየሚኒባሱ፣ በየካፌው ሰምተነዋል። “ማን ነው የሚጫወተው?” ብለን ግን አልጠየቅንም፤ ዘፋኝ ከሌለበት ለእኛ ማጀቢያ ነው። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። እሱ ልምምዱን ባያቋርጥ ኖሮ ደግሞ ስልኩ ሲደወል የሚያነሳው ሰው እንጂ ሙዚቀኛው አይኖርም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 “ላላ በሉ” የተባለውን አልበም ሲያወጣ ሰባ ዓመት አልፎታል። መጨረሻው ላይ ያለችውን “የፍቅር እንጉርጉሮ” ብቻውን በፒያኖ ነው የሚጫወታት፤ ከበሮ የለ፣ ቤዝ የለ። ጣቶቹ አይቸኩሉም።

ሹፌሩ ስልካቸውን ሰጡኝና “እስቲ አንዱን ፈልግልኝ” አሉ። ከ1985ቱ ካሴት “ሸሞንሟናዬ”ን ከፈትኩላቸው። አኮርዲዮኑ ሲገባ አውራ ጣታቸው መሪውን መታ መታ ማድረግ ጀመረ። ወሬያችን በዚያው አበቃ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ደርሰን ከዘመዴ ደጃፍ ቆምን። ሙዚቃው አላለቀም። በሩን ልከፍት እጄን ስዘረጋ ሹፌሩ ሜትሩን አጠፉና፣ ወደ ኋላ ሳይዞሩ፣

“ቆይ ልጄ፣ ይጨርስ” አሉኝ።