መግቢያ፦ አንድ ኩበት

ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ የወጣቶች ማዕከል መዝገብ ቤት ስሠራ፣ ስለ ምሽት የኪነ ጥበብ ድግሶች ታሪክ ዐውደ ርእይ እንዳዘጋጅ ታዘዝኩ። የሂፕ ሆፕ ሙዚቃን ልደት በቃሌ ስለማውቀው ከዚያ ጀመርኩ። ኒውዮርክ፣ ብሮንክስ፣ ሴጅዊክ ጎዳና ቁጥር 1520፣ ኦገስት 11 ቀን 1973 እ.ኤ.አ.። ሲንዲ ካምቤል ለትምህርት ቤት ልብስ መግዣ ብላ ድግስ ጠራች፤ ወንድሟ ኩል ኸርክ ሸክላ አጫወተ። መግቢያው ለሴት 25፣ ለወንድ 50 ሳንቲም። በእጅ የተጻፈችው የጥሪ ካርድ እንኳ ለታሪክ ተርፋለች።

ለዐውደ ርእዩ ቦታ እንዲገኝ ግምጃ ቤቱን ጠረግኩ። አንድ ጣሳ ሙሉ የኒያላ ሲጋራ ፓኮ ቁርጥራጭ አገኘሁ፤ ጀርባቸው ላይ «ቅዳሜ። ኩበት 1» ይላል። የኩበት ሻጭ ሒሳብ መስሎኝ ከቆሻሻው ጋር አቃጠልኩት።

የጥበቃ ሠራተኛው መጡ።

«ልጄ፣ የሚነደው ምንድን ነው?»

«የቆየ ወረቀት ነው፣ ጋሼ።»

ቁርጥራጮቹ ምን እንደሚሉ ስነግራቸው ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። «ትኬታችንን ነዋ ያነደድከው» አሉ።

በደርግ ዘመን፣ ሰዓት እላፊ በነበረበት ጊዜ፣ ወጣቶች በዚሁ ክፍል ይሰባሰቡ ነበር። ሰዓቱ ከገባ ወዲያ መውጣት ስለማይቻል በሩ ይቆለፋል፤ ክራሩም ግጥሙም እስኪነጋ ይቀጥላል። ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናትና ከገንዘብ ይልቅ የሚፈለገው እሳት ነው። የቴፑ ባትሪ ድንጋይ ሲደክም እንኳ ምድጃ ዳር ይሞቅ ነበር። ግጥም ሲነበብ ሁሉም ያለቅሳል፤ ከግጥሙ ይሁን ከጭሱ ግን አይለይም። ጎረቤት ሲጠይቅ «የክርስትና ድግስ ነው» ይባላል። «አንዱን ሕፃን አራት ጊዜ ክርስትና አስነሥተነዋል» ብለው ሳቁ። እርሳቸው ያኔም በር ላይ ነበሩ፣ ኩበት ተቀባይ።

የብሮንክስን የመግቢያ ዋጋ እስከ ሳንቲሙ የማውቅ ሰው፣ የቆምኩበትን ክፍል ትኬት አመድ አድርጌ ነበር። አመዱን በእንጨት ቆሰቆስኩ፤ ምንም የለም። ጋሼ ግን ወደ ውስጥ ገብተው የምጽፍበትን ጠረጴዛ አነሡና ከእግሩ ሥር አንድ የታጠፈ ፓኮ አወጡ። እንዳይነቃነቅ ብዬ እኔው የወሸቅኩት ነበር።

አሁን መስታወት ውስጥ ነው። ጠረጴዛው ይወዛወዛል።