ልዩ ትምህርቶችን ከሰንጠረዥ ወደ መደርደሪያ፦ በአንድ የሞንቴሶሪ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሠራነው

በአዲስ አበባ በሚገኝ አንድ የሞንቴሶሪ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የልዩ ትምህርቶች አስተባባሪ ሆኜ ስመደብ፣ ከእኔ የሚጠበቀው ሙዚቃ፣ ሥዕል፣ ስፖርት፣ ቼዝና የእጅ ሥራ በሳምንቱ ውስጥ የሚሰጡባቸውን ሰዓታት መደልደል ብቻ ነበር። ድልድሉም ከእኔ በፊት ተሠርቶ ስለቆየ፣ መምህራኑ በየአርባ ደቂቃው እየገቡ ይወጡ ነበር። ነገር ግን ሰንጠረዡ የተቀዳው ደወል በተደወለ ቁጥር መምህር ከሚቀያየርበት መደበኛ ትምህርት ቤት ነው። በእኛ ዘንድ ከ6 እስከ 9 ዓመት ያሉት በአንድ ክፍል፣ ከ9 እስከ 12 ያሉት ደግሞ በሌላ ክፍል ሆነው፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ያህል ማንም ሳያቋርጣቸው ራሳቸው ከክፍሉ መደርደሪያ በመረጡት ሥራ ላይ ይቆያሉ፤ ይህ ጊዜ ከተቆራረጠ ሞንቴሶሪ በትምህርት ቤቱ ታፔላ ላይ ብቻ ይቀራል።

ሰንጠረዡን ከመንካቴ በፊት ጥግ ይዤ መመልከትን መረጥኩ። የሥራው ጊዜ ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ የሙዚቃ መምህሩ አራት ሰዓት ላይ ይገባል። ከሦስት ሰዓት ተኩል በኋላ ግን የማባዣውን ትልቅ ሰሌዳ ከነዶቃዎቹ አውጥቶ ምንጣፍ የሚያነጥፍ ልጅ ጠፋ። አንዱ ሰሌዳውን ከመደርደሪያው እስከ ግማሽ ድረስ ስቦ ካወጣው በኋላ የግድግዳውን ሰዓት አይቶ፣ «ሙዚቃ ሊመጣ ነው» ብሎ መለሰውና የእርሳስ መቅረጫ ይዞ ተቀመጠ። የክፍሉ መምህራን በበኩላቸው፣ ልጆቹ በዚያ ሰዓት ስለሚቅበጠበጡ ሙዚቃው እረፍት ይሆናቸዋል ይሉ ነበር። የዚህ የማስተማሪያ ዘዴ መሥራች ማሪያ ሞንቴሶሪ ግን ይህንኑ መቅበጥበጥ ሐሰተኛ ድካም ብላው ነበር፤ አዋቂው ካልደነገጠና ጣልቃ ካልገባ፣ ልጆቹ ከመቅበጥበጡ በኋላ የቀኑን ከባድ ሥራ ይመርጣሉ። ስለዚህ የእኛ ሙዚቃ የሚገባው ከባዱ ሥራ ሊጀመር ሲል ነበር ማለት ነው።

በዚህ መነሻነት ለእያንዳንዱ ትምህርት አንድ ጥያቄ አቀረብኩ፤ ይህ ትምህርት በእርግጥ ልጆቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይፈልጋል ወይ? ስፖርትና የኅብረት መዝሙር ይፈልጋሉ፤ ሁለቱም ወደ ከሰዓት በኋላ ተዛወሩ። ቼዝ መምህርም ሰዓትም አያስፈልገውም፤ ሰሌዳው መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ፣ አለቀ። ለቀሪዎቹ ልዩ መምህሩ ጠዋት ወደ ክፍሉ ገብቶ፣ ሦስት ወይም አራት ልጆችን ብቻ ሰብስቦ አጭር ትምህርት እንዲሰጥና መሣሪያውን መደርደሪያው ላይ ትቶ እንዲወጣ ተስማማን።

ስምምነቱ በቀላሉ አልመጣም። የሙዚቃ መምህራችን በዕድሜ የገፉ ክራር ደርዳሪ ሲሆኑ፣ ሐሳቡን ስነግራቸው «ታዲያ እኔ ምን ላስተምር ነው የምገባው?» አሉኝ። ከጥያቄው በስተጀርባ ሌላም ነገር ነበር፤ የሚከፈላቸው በክፍለ ጊዜ ቁጥር ነው። ውላቸውን በግማሽ ቀን እንዲታሰብ ሳናስተካክል ስለ ሕፃናት ነፃነት ብናወራ ማንም አይሰማንም ነበር። ይህን የምጽፈው ተመሳሳይ ለውጥ ያሰበ ሁሉ ከክፍያው እንዲጀምር ነው።

ሙዚቃን ያስቀደምነው መሣሪያው አቧራ ለብሶም ቢሆን በእጃችን ስለነበረ ነው። ሞንቴሶሪ ከሥራ ባልደረባዋ ከአና ማሪያ ማኬሮኒ ጋር ያዘጋጀቻቸው ደወሎች ሁለት ረድፍ ሲሆኑ፣ በእያንዳንዱ ረድፍ ከታችኛው ዶ እስከ ላይኛው ዶ፣ ግማሽ ቃናዎቹን ጨምሮ፣ 13 ደወሎች አሉ። ሁሉም በመጠንና በቅርፅ አንድ ዓይነት ስለሆኑ፣ ልጁ ቡናማ መቀመጫ ያላቸውን ነጭና ጥቁር መቀመጫ ካላቸው ጋር የሚያዛምደው በጆሮው ብቻ ነው። ጋሼ (ልጆቹ የሙዚቃ መምህራችንን የሚጠሯቸው እንዲህ ነው) ደወሎቹን ጥቂት ቀን ሲመረምሩ ቆዩና አንድ ጠዋት ከ13ቱ አምስቱን ብቻ ወደ ፊት ሳቡ፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ልጆቹ እየተፈራረቁ መቷቸው፤ ትዝታ ነበር። ቀጥለው ሚንና ላን ወደ ቦታቸው መልሰው፣ በምትካቸው በግማሽ ቃና ዝቅ የሚሉትን ጥቁሮቹን አመጡ። አንዲት ልጅ መዶሻዋን እንደያዘች «ጋሼ፣ አሁን ከፋው» አለች። ባቲ በዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ተከተለ፤ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ለሌላ ቀን ተቀጠሩ።

ከዚያ በኋላ ልጆቹ ለየቅኝቱ ካርድ እየሠሩ ደወሎቹን ራሳቸው ማሰለፍ ጀመሩ። ትልልቆቹ ደግሞ ክራሩ በጋሼ ጆሮ ሲቃኝ ከደወሉ ጋር ሁልጊዜ ልክ እንደማይገጥም ደረሱበት። የትኛው ነው ትክክል ብለው ቢጠይቋቸው፣ ቅኝት የሚያዘው በጆሮ መሆኑን ነግረው ክራሩን ሰጧቸው። በአርባ ደቂቃ ውስጥ ለሠላሳ ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ማስተማር አይቻልም።

የሥዕሉ ጉዳይ ሌላ መልክ ነበረው። ሁሉም ልጅ ለፋሲካ አንድ ዓይነት ዶሮ ቀለም ቀብቶ ወደ ቤት የሚወስድበትን ልማድ እኔ ሥነ ጥበብ ለማለት ይቸግረኛል፤ ወላጆች ግን ይወዱታልና ማስቀረቱ አከራከረን። ምትኩን ያገኘነው በሞንቴሶሪ አንደኛ ደረጃ ለልጆች ከሚነገሩት ከአምስቱ ታላላቅ ትረካዎች አንዱ ከሆነው ከጽሕፈት ታሪክ ነው። ትረካው ከሥዕላዊ ምልክቶች ተነሥቶ ፊደል ላይ ሲደርስ፣ ልጆቹ የእኛ ፊደል የት እንደሚገባ ጠየቁ። የቁም ጽሕፈት የሚያውቁ አንድ የቤተ ክህነት ሰው ጋብዘን፣ የመቃ ብርዕ አቀራረጽን፣ በብራና ላይ መስመር አሰማመርንና ቀይ ቀለም ለቅዱሳት ስሞች እንደሚለይ አሳዩን። ልጆቹ ወዲያው «የኔታ» ይሏቸው ጀመር፤ መቃውና ቀለሙም ከሥዕል መሣሪያዎቹ ጎን ቋሚ ቦታ አገኙ።

የመንግሥት ሥርዓተ ትምህርት የክወናና የእይታ ጥበባትን ራሱን የቻለ ትምህርት አድርጎ ውጤት ስለሚጠይቅበት፣ ክፍለ ጊዜው በሰንጠረዥ ላይ ካልታየ ትምህርቱ የለም የሚል ሱፐርቫይዘር መምጣቱ አይቀርም። ለዚህ ስንል እያንዳንዱ ልጅ የሠራውን በቀን የሚያሰፍርበት ደብተር፣ ለእኛም የሥርዓተ ትምህርቱን ይዘት በመደርደሪያው ላይ ካሉት መሣሪያዎች ጋር የሚያነጻጽር ሰነድ አዘጋጀን። «ልጄ ሙዚቃ የሚማረው መቼ ነው?» ለሚሉ ወላጆችም ይኸው ደብተር ይሰጣል፤ ሆኖም ከማንኛውም ጽሑፍ ይልቅ የሚያሳምናቸው ጠዋት መጥተው ጸጥ ብለው ግማሽ ሰዓት መቀመጣቸው ነው።

አሁንም ያልተፈታው የመምህራን መቀያየር ነው። ልዩ መምህራን በሁለትና በሦስት ትምህርት ቤቶች ስለሚሠሩ የተሻለ ክፍያ ሲያገኙ ይሄዳሉ፤ አዲሱም ክፍሉን ሁሉ ሰብስቦ ፊት ለፊት መቆም ይመርጣል። ስለዚህ አዲስ መምህር ሲቀጠር፣ የመጀመሪያዎቹን ጠዋቶች ሳያስተምር ክፍል ውስጥ ተቀምጦ እንዲመለከት፣ ለዚያም ሙሉ ክፍያ እንዲያገኝ በውሉ ውስጥ አስገብተናል።