ጨረቃ ላይ የተለቀቀው መዶሻ

አምና ነው። ሰባተኛ ክፍል ሳይንስ እያስተማርኩ ስለ ስበት አንድ ጥያቄ ጣል አደረግኩ። «ጨረቃ ላይ ቆማችሁ መዶሻ ብትለቁ ምን ይሆናል?»

«ይንሳፈፋል!» አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ።

«አይደለም፣ ይወድቃል» ብዬ አለፍኩ። የጨረቃ ስበት የምድርን አንድ ስድስተኛ ያህል እንደሆነ ቦርዱ ላይ ጻፍኩ፤ ገለበጡ። በሳምንቱ አጭር ፈተና ላይ ጥያቄውን ስደግመው ከግማሽ በላዩ አሁንም «ይንሳፈፋል» ብሏል። አንድ ስድስተኛዋን ግን የሳተ የለም።

ደነገጥኩ። ብዙም የማትናገር አንዲት ልጅ ጠርቼ «እስኪ ለምን እንዲህ አልሽ?» አልኳት።

«ቲቸር፣ ጨረቃ ላይ አየር የለማ! ወደ ታች የሚጫነን አየር አይደል እንዴ?»

ከየት እንዳመጣችው ወዲያው ገባኝ። ከእኔ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በፊት የአየር ግፊትን ሳስተምር ውሃ የሞላ ብርጭቆ አፉን በወረቀት ከድኜ ገልብጬላቸው ነበር። ውሃው ሳይፈስ ሲቀር አጨብጭበዋል። «አየር ይጫናል» ያልኩት እኔው ነኝ። ልጅቷ ሁለቱን ትምህርት አያይዛ አስባለች፤ እኔ አላያያዝኳቸውም።

በማግስቱ ያንኑ ብርጭቆ ይዤ ገባሁ። ሞልቼ፣ ከድኜ ገለበጥኩት። ወረቀቷ ርሳ ጠርዟ ላይ ትንሽ ተሸብሽባለች፤ ግን አልወደቀችም።

«አየር የሚጫነው ወደ ታች ብቻ ከሆነ ይቺን ወረቀት ከሥር የያዛት ማነው?»

ዝም አሉ። ቆይታ ያቺው ልጅ «ወደ ላይም ይገፋል ማለት ነው» አለች ቀስ ብላ። «እንደዛ ከሆነ ወደ ታች የሚስበን ሌላ ነገር ነው።»

ሰዎችን ጨረቃ ላይ ያሳረፈውን የአፖሎ 15 ጉዞ ታሪክ ያወራሁላቸው ከዚህ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ጠፈርተኛው ዴቪድ ስኮት ጨረቃ ላይ ቆሞ መዶሻና የጭልፊት ላባ አንድ ላይ ለቀቀ። ላባውን የሚያዘገይ አየር ስለሌለ ሁለቱም እኩል አረፉ።

«ታዲያ ጠፈርተኞቹ ለምን ይንሳፈፋሉ?» አለ አንዱ። ይሄኛው ከመዶሻውም ከበዳቸው። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ እዚያ ያለው ስበት ምድር ላይ ካለው 90 በመቶ ያህል ነው። ጠፈርተኞቹ ከነጣቢያው እየወደቁ ነው። ግን በሰዓት 28 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ጎን ስለሚበሩ ምድርን እየሳቱ ይዞራሉ። ሁለት ክፍለ ጊዜ ፈጀብን፤ አልቆጨኝም።

አሁን ፈተና ሳወጣ ከስበት ጥያቄ ሥር «ለምን?» ብዬ ሁለት መስመር ባዶ እተዋለሁ። ሳርም መጀመሪያ የማነበው እሱን ነው።