ስንት ሰዓት ቀረን?

ከደባርቅ ተነሥቼ እንግዶችን ወደ ራስ ደጀን መምራት በጀመርሁ በሁለተኛው ዓመት፣ አፓላቺያን የተባለውን 3,500 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የአሜሪካ የእግር መንገድ ከዳር እስከ ዳር የጨረሰች አንዲት ሴት ደረሰችኝ። የዚያ መንገድ ከፍተኛው ቦታ ከደባርቅ ከተማ እንኳ ዝቅ እንደሚል የነገረችኝ ራሷ ስትሆን፣ ከፍታውንም ንቃ አልመጣችም። ቀስ ብላ ትራመዳለች፤ ሳይጠማት ትጠጣለች፤ ቁልቁለት ሲመጣ ጣቶቿ ከጫማው አፍንጫ ጋር እንዳይጋጩ ማሰሪያዋን ቁርጭምጭሚቷ ላይ ታጠብቃለች። እኔ የምመክረውን ሁሉ ቀድማ ስታደርገው ስላየሁ የቀረልኝ ሥራ ማበረታታት ብቻ መሰለኝ።

ነገሩ የሆነው ራስ ደጀንን ወጥተን፣ አምቢቆ መንደር አድረን ስንመለስ ነው። የአስጎብኚ ድርጅታችን ቢሮ ያዘጋጀው ፕሮግራም ቀኑን «ወደ ጨነቅ ካምፕ መመለስ» ብሎ አልፎታል፤ መሻሃ ወንዝ ድረስ ወርዶ ከ1,300 ሜትር በላይ ዳገት ወደ ቧሂት በር፣ ወደ ተራራው ማለፊያ፣ መውጣት እንዳለ ግን አይናገርም። (ያን ፕሮግራም የጻፈው ሰው ጨነቅን የሚያውቀው በመኪና ነው።) እግረኛ ትልቁን ተራራ ከወጣ በኋላ ልቡ ቀድሞት ቤቱ ይገባል፤ ጉልበቱ የሚከዳውም በመመለሻው ዳገት ላይ ነው።

ጭሮ ለባ የተባለውን መንደር እንዳለፍን «ስንት ሰዓት ቀረን?» አለችኝ። «ግማሽ ሰዓት» አልሁ። ቆይታ ስትጠይቀኝ «ቅርብ ነው፣ እዚያች ጋ» አልኋት። በሦስተኛው ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ወደ ስካውታችን፣ ወደ ታጣቂው የፓርክ ጠባቂ፣ እያመለከተች «እስቲ እሳቸውን ጠይቅልኝ» አለች።

ጋሼ ጠመንጃቸውን ወደ ሌላው ትከሻ አዛውረው ሽቅብ ተመለከቱ። «ከዚያ ከጥቁሩ ገደል ኋላ ሌላ አለ፤ በሩ ከእሱ ኋላ ነው። ጨነቅ እስክትገባ በእሷ እርምጃ ሦስት ሰዓት» አሉ። እኔም ዓይኔን ሳላሽ «አንድ ሰዓት ተኩል ይላሉ» ብዬ ተረጎምሁ። እንግዳዋ ግን ስታይ የነበረው እኔን ሳይሆን የጋሼን እጅ ነው፤ ሦስቱ ጣቶቻቸው ገና አልታጠፉም ነበር።

አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይቀለኝ ነበር። ኮዳዋን ዘቅዝቃ ባዶነቱን አሳየችኝና «ሦስት ሰዓት ብትለኝ ኖሮ ለሦስት ሰዓት እከፋፍለው ነበር፤ ግማሽ ሰዓት ስላልኸኝ ጠጣሁት» አለች፣ ሒሳብ እንደሚያስረዳ መምህር ረጋ ብላ። የራሴን ውሃ ሰጠኋት። ጫማዋን አውልቃ ካልሲ ቀየረች፤ ከጋሼ መዳፍ ቆሎ ዘግና በላችና ተነሣች። ከዚያ በኋላ አንድም ጊዜ ስንት ቀረ አላለችም። ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ጨነቅ የገባው አስጎብኚው ነው፤ ኮንጎ ጫማ የተጫሙት ጋሼ ደግሞ እኛ ስንደርስ እሳት አንድደው ይሞቁ ነበር።

እኔም ከዚህ ወዲያ እውነቱን ብቻ እናገራለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ። በቀጣዩ ወር ሁለት ወጣት ባልና ሚስት ጨነቅ ላይ የነገውን መንገድ ሲጠይቁኝ ቁልቁለቱን፣ ወንዙን፣ የመመለሻውን ዳገት በሰዓት በሰዓቱ አስረዳኋቸው። በጥሞና አዳመጡኝ፤ አመሰገኑኝ፤ ጠዋት መኪና አስጠርተው ወደ ጎንደር ተመለሱ። ባለ በቅሎዎቹ የቀሩትን ቀናት ሒሳብ በእኔ አስታከው አጉረመረሙ፤ ከቢሮም ስልክ ተደውሎ «ይህን ሁሉ እንድትዘረዝር ማን ጠየቀህ?» ተባልሁ።

አሁን እንግዳ ስንት ቀረ ሲለኝ መጀመሪያ ኮዳውን አያለሁ፤ መልሴም እንደ ውሃው መጠን ይረዝማል ወይም ያጥራል። ጋሼንም እንግዳ ፊት እጃቸውን ከጋቢያቸው እንዳያወጡ ለምኛቸው ነበር። «ጣቴ ምን አጠፋ?» አሉኝ።